የጠፋ ባህል በመሣሪያ ይመለሳልን?

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተነገረ)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ጥያቄ አጭር ነው፤ ይኸውም «ቴክኖሎጂ የጠፋውን ባህልና ወግ ሊያስነሣ ይችላልን?» የሚል ነው። ጥያቄው በሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ በምግብ አዳራሹ የሰማነው ክርክር በሁለት ወገን የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን «ሁሉን የሚቀዳ ስልክ በኪሳችን ይዘን ከእንግዲህ ምን ይጠፋል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ባህልን የገደለው ራሱ ቴክኖሎጂ አይደለምን? ገዳይ እንዴት አስነሺ ይሆናል?» ሲል ይመልሳል።

እኛ ከሁለቱም ጋር አልቆምንም። ይህን የምናደርገው ለማስታረቅ ብለን አይደለም፤ ሁለቱም ባህልን እንደ ዕቃ ስለ ቈጠሩት ነው። ዕቃ ይጠፋል፥ ይገኛል፤ ይሰበራል፥ ይጠገናል። ባህል ግን ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። የሚያደርገው ሰው ሲቀር ይቀራል፤ የሚያደርገው ሰው ሲነሣ ይነሣል። ስለዚህ የምንመረምረው መሣሪያው ምን ያህል ብልኅ እንደ ሆነ አይደለም፤ ሰው እንደ ገና እንዲያደርገው ምን ያህል ይረዳል የሚለውን ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ከሰፈራችን እንጀምር። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አያት፥ ከገርጂ እስከ ኮተቤ ያለው አገር ከአንድ የሰው ዕድሜ በፊት በአብዛኛው የገበሬ መሬት ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያው ተሠራ፤ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ወዲህም በገርጂ፥ በሰሚት፥ በአያት፥ በየካ አባዶ፥ በቦሌ ቡልቡላና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተተከሉ። የሰፈሮቹን ስም ብቻ ብናዳምጥ ታሪኩን እንሰማለን። ጉርድ ሾላ ስሙን ያገኘው ከዛፍ ነው፤ ጎረቤቱ ሲ.ኤም.ሲ. ግን ስሙን የወሰደው በዚያ ቤት ከሠራ የኢጣሊያ የሥራ ተቋራጭ ነው። ቡልቡላ የሚለውን ስም የተውልን ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ገበሬዎች ናቸው። ዛሬ በዚያ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ስሙን በቀን አሥር ጊዜ ይጠራዋል፤ ማን እንዳወጣው ግን አይጠይቅም።

እንግዲህ በዚህ አገር ውስጥ ምን ጠፋ፥ ምንስ ተረፈ? ሁለት ነገር እንመልከት።

የመጀመሪያው ዕድር ነው። በቀድሞው ሰፈር ሰው ሲሞት የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በየመንገዱ እየዞረ ያረዳ ነበር። ዛሬ በብዙ ኮንዶሚኒየም መርዶው የሚደርሰው በስልክ ነው፤ በቴሌግራም አንድ መልእክት ይላካል፥ ሦስት መቶ አባወራ በአንድ ጊዜ ያነበዋል። ጥሩምባው ቀረ፤ ዕድሩ ግን አልቀረም። ድንኳኑ ይተከላል፥ ንፍሮው ይቀቀላል፥ ጎረቤት ሐዘንተኛውን ይዞ ይቀመጣል። ቤቶቹን የነደፉት ሰዎችም ይህን ስለ ተረዱት በየግቢው ለእርድና ለድግስ የሚያገለግል የጋራ ቤት ጨምረዋል። ስለዚህ ዕድር መሣሪያውን ለወጠ እንጂ አልሞተም፤ ምክንያቱም ሞት አለ፥ ሐዘን አለ፥ ብቻውን መቅበር የሚችል ሰው ግን የለም።

ሁለተኛው የደቦ ዘፈን ነው። ስልክ ዕድርን እንደ ረዳው ደቦን ሊረዳው አልቻለም። ማሳው ስለሌለ አጨዳ የለም፤ አጨዳ ስለሌለ ዘፈኑ የሚዘፈንበት ሰዓት የለም። በባህል ምግብ ቤት መድረክ ላይ ወጣቶች የተዋበ ልብስ ለብሰው የአጨዳ ጭፈራ ሲያሳዩ አይተናል፤ እጃቸው ግን ባዶ ነው፥ ተመልካቹም ክትፎውን እየበላ ያጨበጭባል። ይህን አንነቅፍም፤ እንጀራ የሚበላበት ሥራ ነው። ነገር ግን ደቦ ተመለሰ ብሎ የሚናገር ሰው ቢኖር ተሳስቷል እንላለን።

ከነዚህ ከሁለቱ የምንማረው፥ አንድ ባህል በሕይወት እንዲኖር ሦስት ነገር እንደሚያስፈልገው ነው። አንደኛ፥ የሚያውቅ ሰው፤ ሁለተኛ፥ ሊያውቅ የሚፈልግ ሰው፤ ሦስተኛ፥ የሚደረግበት ጊዜና ምክንያት። እንግዲህ መሣሪያ ከነዚህ ከሦስቱ የትኛውን ሊተካ ይችላል? ይህን በበገና እንፈትነው።

በገና ዐሥር አውታር አለው። አውታሩ በጥንቱ ሥርዐት ከበግ አንጀት የተፈተለ ነው። ተጫዋቹ በእግሮቹ መካከል አቁሞ በግራ እጁ ይመታዋል፤ እያንዳንዱም አውታር በብርኩማው ላይ ሲያልፍ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቍራጭ ትደረግበታለች። ያ እንደ ንብ የሚያጕረመርም ድምፅ የሚመጣው ከእርስዋ ነው። በገና የጭፈራ መሣሪያ አይደለም፤ ሰው ብቻውን ሆኖ በተለይም በዐቢይ ጾም ስለ ሞትና ስለ ከንቱነቱ የሚያስብበት ነው። ከነገሥታቱና ከመኳንንቱም መካከል የሚደረድሩት ነበሩ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መንግሥት ሃይማኖት የሚሸት ዜማን አልወደደም። በጾም ይሰማ የነበረው በገና ከሬዲዮ ጠፋ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጥ የነበረውም የበገና ትምህርት ተቋረጠ። በዚያ ያስተምሩ የነበሩት ዓለሙ አጋ ናቸው። እርሳቸው በገናን የተማሩት በእንጦጦ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፥ ጎረቤታቸው ሆነው ከመጡት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። ልብ በሉ፤ ትምህርት ቤት አልነበረም፥ ቴፕ አልነበረም፤ የነበረው አንድ ጎረቤትና አንድ ጆሮው የተከፈተ ልጅ ብቻ ነው። ዓለሙ አጋ ማስተማሩ ሲቀርባቸው ፒያሳ ላይ ሱቅ ከፈቱ፤ በገናውን ግን አልጣሉም።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው ገባ። የእርሳቸው ድምፅ በውጭ አገር ሰዎች ተቀዳ፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ ባሳተመው «ኢትዮጲክ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ውስጥም 11ኛው ቅጽ የበገና ሆነ። አገር ቤት ካሴት ተባዛ፥ ኋላም ሲዲ፥ አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ሆነ። ዛሬ በአዲስ አበባ በብዙ ቦታ በገና የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ ቦሌና ገርጂም ቢሆን በጾም ወራት በታክሲ ውስጥ በገና መስማት ብርቅ አይደለም። እንግዲህ «አዎን» ያለው ወገን ድል ያደረገ ይመስላል።

ነገር ግን በገናን የመለሰው ቴፑ ነውን? ቴፑ ያደረገው ነገር ትልቅ ነው፤ ጊዜ ሰጠ። ሊማር የሚፈልገው ትውልድ እስኪመጣ ድረስ ድምፁን ጠበቀ። ሆኖም ዓለሙ አጋና ጥቂት ባልንጀሮቻቸው ባይተርፉ ኖሮ የበገናው ድምፅ በሙዚየም ውስጥ ያለ ድምፅ ሆኖ ይቀር ነበር። ይህን የምንለው ከመካከላችን አንዱ ራሱ ስለ ሞከረው ነው። ስድስት ወር ሙሉ በስልክ እያየ ብቻውን ተለማመደ፤ ጣቱ የት እንደሚያርፍ ዐወቀ፥ ዜማውም ወጣለት፤ አውታሩ ግን ማጕረምረም እንቢ አለው። በመጨረሻ ወደ አንድ መምህር ዘንድ ሄደ። መምህሩ ምንም ሳይናገሩ እንዚራዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየገፉ፥ እየመቱ፥ ደግመው እየገፉ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቈዩ። ዐሥሩም ሲያጕረመርሙ በገናውን መልሰው ሰጡትና «አሁን አንተ አፍርሰህ ሥራው» አሉት። በስልኩ ያያቸው ትምህርቶች ሁሉ የሚጀምሩት በገናው ተቃኝቶ ካለቀ በኋላ ነበር። ዋናው ዕውቀት ያለው ግን ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፤ እርሱን የሚቀዳ ሰው አልተገኘም፥ አሰልቺ ነውና።

ደግሞም የተመለሰው በገና የሄደው በገና እንዳልሆነ ማወቅ ይገባናል። ዛሬ በብዙ በገና ላይ ያለው አውታር የአንጀት አይደለም፥ ናይለን ነው። የተቀዱት ጥቂት ደርዳሪዎች ስለ ሆኑም የእነርሱ አመታት ለብዙው ተማሪ ብቸኛው አመታት ሆኗል፤ ያልተቀዱት አመታታቸውን ይዘው ወደ መቃብር ወርደዋል። መሣሪያ አንዱን ሲያድን ሌላውን ይጋርዳል፤ ይህም ቀጂውን ሊያሳስበው ይገባል።

የቤተ ክህነቱ ሊቃውንት ይህን ነገር ከኛ በፊት ያውቁታል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ብዙ ዘመን በቃል ሲወርድ ከኖረ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በ16ኛው መቶ ዓመት፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። ምልክቱ በዘመኑ የረቀቀ ቴክኖሎጂ ነው። ሆኖም ድጓን ከብራና ብቻ ተምሮ መምህር የሆነ ሰው አልሰማንም። ተማሪው ዛሬም ቢሆን ድጓውን ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም ይወርዳል፥ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። ብራናው መምህሩን አልተካም፤ መምህሩ እንዳይስት ግን ጠበቀው። እንግዲህ የመሣሪያ ትክክለኛው ቦታ ይኸው ነው።

«የሚያውቅ ሰው ሁሉ ካለቀስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይህም ከባዱ ጥያቄ ነው። በጎጃም ጋፋትኛ የሚባል ቋንቋ ነበር። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስጽፎ ወስዷል። ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ገደማ ወደዚያ አገር ወርደው ብዙ ከደከሙ በኋላ ያገኙት ተናጋሪ አራት ሰው ብቻ ነው። ከእነርሱ የሰሙትን መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1956 መጽሐፍ አሳተሙ። ዛሬ ሰዋስዉ አለ፥ ቃላቱ አሉ፤ ተናጋሪ ግን የለም።

ከዚህ ጋር የአሜሪካን አገር አንድ ታሪክ እናስተያይ። በማሳቹሴትስ የሚኖሩት የዋምፓኖአግ ሕዝብ ቋንቋቸው ተናጋሪ ካጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የቀራቸው እ.ኤ.አ. በ1663 የታተመ መጽሐፍ ቅዱስና አባቶቻቸው የጻፏቸው የመሬት ውሎችና ደብዳቤዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ የተባሉ ከዚያው ሕዝብ የተወለዱ ሴት ተነሡ፤ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የቋንቋ ጥናት ተምረው ሰዋስዉን ከጽሑፉ ውስጥ አወጡ። ልጃቸውንም በዚያው ቋንቋ አሳደጓት፤ ከብዙ ትውልድ በኋላ በቋንቋው አፏን የፈታች የመጀመሪያዪቱ ሕፃን ሆነች።

ጋፋትኛም መጽሐፍ አለው፥ የዋምፓኖአግም መጽሐፍ ነበረው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ ከመሣሪያው አይደለም፤ ያም ወረቀት ነው፥ ይህም ወረቀት ነው። አንደኛው ሕዝብ «ይህ የኔ ነው፥ ያለ እርሱ ጎዶሎ ነኝ» የሚል ሰው ወጣው፤ የሁለተኛው ልጆች ግን በአማርኛ ውስጥ ገብተው አማርኛን አፍ መፍቻቸው አድርገዋል። በዚህ ማንንም አንወቅስም። የምናየው ግን የሚያውቀው ሰው እንኳ ቢያልቅ፥ የሚፈልግ ሰው ካለ ወረቀት ይበቃል፤ የሚፈልግ ሰው ከሌለ ግን በዓለም ያለ ኮምፒዩተር ሁሉ አይበቃም። በአገራችንም ይህን የሚያረጋግጥ ነገር አይተናል። ኢሬቻ ለብዙ ዘመን ተቋርጦ ከኖረ በኋላ በ2012 ዓ.ም. መስከረም በአዲስ አበባ እንደ ገና የተከበረው ሕዝቡ ስለ ፈለገው ነው፤ ማንም በመኪና ሠርቶ አላመጣውም።

አሁን ወደ ድንጋይ እንሂድ፤ እርሱም በአቅራቢያችን ነው። ከኮተቤ በላይ፥ በየካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል የሚባል ከዓለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስለ ዘመኑ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ አሠራሩ ግን ከላሊበላ ሥራ ጋር ዝምድና ያለው ነው። ጣራ የለውም፤ ክረምት በመጣ ቍጥር ዝናብ ይገባበታል፥ የዛፍ ሥርም ዓለቱን ይሰነጥቀዋል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች «ዛማኒ» በተባለው ሥራቸው በብርሃን መለኪያ መሣሪያ ለክተው መልካቸውን በኮምፒዩተር አስቀምጠዋል። ለዋሻ ሚካኤልም እንዲሁ ቢደረግ መልካም ነው። ነገር ግን የተለካ ሥዕል ዝናብን አያቆምም። የዓለት ፍልፈላውን ጥበብ የምንፈልግ እንደ ሆነም የምናገኘው በኮምፒዩተር ውስጥ ሳይሆን በጋሸና አቅራቢያ ነው፤ በዚያ አንድ መነኵሴ በእጅ መሣሪያ እየቈፈሩ በዘመናችን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ከዓለት አውጥተዋል። ጥበቡ ሞቷል ተብሎ በመጻሕፍት ሲጻፍ፥ እርሳቸው መጻሕፍቱን ሳይጠይቁ መዶሻቸውን አነሡ።

እዚህ ላይ ሁላችንን የሚመለከት ጉዳይ አለ፤ ይኸውም መሣሪያው የጠበቀውን ሀብት መክፈቻ የያዘው ማን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺሕ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም ተነሥተው አንድ ቅጂያቸው በሚኒሶታ፥ በኮሌጅቪል ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ለእነዚህ መጻሕፍት የደከሙት ድካም ከምስጋና በላይ ነው። ዋናው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ሥዕሉ ይቀራልና ይህ ሥራ ለትውልድ የተደረገ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት መጻሕፍት አሉ። በብሪቲሽ ላይብረሪ ያሉት 350 ያህል ናቸው። ከተዘረፉት አንዱ ክብረ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1872 ተመልሶ ነበር፤ ዛሬ ግን ከመመለስ ፈንታ «በኮምፒዩተር እዩት» የሚል መልስ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ያ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ወንበዴዎች ሲጠቃ የተነሡት ብራናዎች ገጽ ለብዙ ወራት ተዘጋ። ሥዕሉን የሰጠን ሰው መጽሐፉን ሰጠን ማለት አይደለም፤ ሥዕሉም ቢሆን ቍልፉ በእጁ ነው። ቅጂ ለጥናት ይረዳል እንጂ የባለቤትነት ምትክ ሊሆን አይገባም።

አንድ ነገር ጨምረን ወደ መደምደሚያው እንሄዳለን። «የጠፋ ሁሉ ይመለስ» የሚል ጩኸት አንደግፍም። ከአባቶቻችን የወረስነው ሁሉ ወርቅ አይደለም። የሴት ልጅ ግርዛትና ያለ ዕድሜ ጋብቻም ባህል ተብለው ኖረዋል፤ በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ከልክሏቸዋል፥ መከልከላቸውም የተገባ ነው። መዝግቦ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማስነሣት ሌላ ነገር ነው። ቴፕ ሁሉን እኩል ይቀዳል፥ አይመርጥም። የሚመርጥ ሰው ነው፤ መምረጥም የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

አሁን በራሳችን ላይ የደረሰውን እንናገር፤ ይህ ንግግር የመጣው ከእርሱ ነውና። ከሁለት ዓመት በፊት ከመካከላችን ሦስት ሆነን በቦሌ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄደን ነበር። ዱሮ ገበሬ ነበሩ። የደቦ ዘፈን እንዲነግሩን ለመንናቸው፤ ቡና አስፈልተው ጀመሩልን። ሁለት ስንኝ ብለው ቆሙ። ሦስተኛው ጠፋባቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን እንደሚያጭድ ሰው አወዛወዙ፥ ነገር ግን አልመጣም። በመጨረሻም «ልጆቼ፥ ማጭድ ቢኖር ይመጣልኝ ነበር» አሉን። እኛ ሣቅን፤ ሌላ ጊዜ እንመለሳለን ብለን የተቀዳውን ይዘን ሄድን። ወደ ሌላ ቦታ ሳንገለብጠው ስልኩ በታክሲ ውስጥ ጠፋ። ስንመለስ በግቢው የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ አጠፋን። ቴፑን በማመናችን አንድ ጊዜ፥ ማጭድ ይዘን ባለመሄዳችን ሁለተኛ ጊዜ። ማጭድ ይዘን፥ እርሳቸውን ወደ አንድ ማሳ ዳር ወስደን፥ እኛም ጎንበስ ብለን አብረን ብናጭድ ኖሮ ሦስተኛው ስንኝ ዛሬ ቢያንስ በሦስት ሰው አፍ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ለኅብረታችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በመጪው የዕረፍት ወራት እያንዳንዳችን ከኮተቤ፥ ከየካ፥ ከገርጂ፥ ከቡልቡላ፥ ወይም ከተወለድንበት አገር አንድ የሚያውቅ ሰው እንፈልግ። እንቅዳ፤ ነገር ግን ከመቅዳት በፊት እንማር፥ ቢያንስ አንዲት ነገር በእጃችን ወይም በአፋችን ይዘን እንመለስ። የተቀዳውን በሦስት ቦታ እናስቀምጥ፤ አንደኛው ቅጂ ለራሱ ለባለቤቱና ለልጆቹ ይሁን። ያለ ፈቃዱም ለማንም አናሳይ። የታሪክና የቋንቋ መምህራኖቻችን እንዴት እንደሚጠየቅና እንደሚመዘገብ ቢያሳዩን፥ የምሕንድስና ጓደኞቻችንም ዋሻ ሚካኤልን ለመለካት ፈቃድ ቢጠይቁ ምስጋናችን ብዙ ነው።

የቀረበልንን ጥያቄ በዚህ እንመልሳለን። መሣሪያ የሞተውን አያስነሣም፤ ሊሞት ያለውን ግን ተማሪው እስኪደርስ ድረስ ሊያቈየው ይችላል። ተማሪው ካልደረሰ የቈየው ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ተማሪ ያልሆነ የለም።